የኤሌክትሮኒክስ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ ፓክማን ያለባት የእጅ ሰዓት

የዘንድሮ የክበባችን ስራ ከሞላ ጎደል በአንዲት የእጅ ሰዓት ዙሪያ ነው ያለቀው። መስከረም ላይ ያወጣነው እቅድ ሌላ ነበር፣ መኪና ሮቦት እንሰራለን ብለን ነበር ተማሪ የመዘገብነው፣ ግን ለገና የአንድ የ10ኛ ክፍል ልጅ አጎት ከአሜሪካ ሲመጣ፣ ድሮ ልጅ እያለ ጋራዥ ሴል ላይ (ሰው ደጃፉ ላይ ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥበት ነው) የተገዛችለትን የፓክማን ሰዓት አምጥቶ ሰጠው፣ ልጁም ክበብ ላይ ይዟት መጣ። አትሰራም ነበር። "ቲቸር እንክፈታት?" አለኝ፣ እንክፈታት አልኩት፣ የዓመቱ ስራ በዛው ተቀየረ።

ላላያችኋት ልንገራችሁ። ፓክማን ማለት ክብ አፍ ያለው ነገር በጠባብ መንገዶች እየዞረ ነጥብ የሚበላበት፣ መናፍስት ደሞ የሚያሳድዱት ጌም ነው። ሰዓቷን ያወጣው ኔልሶኒክ የሚባል የኒው ዮርክ ድርጅት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1982፣ በኛ 1974/75 መሆኑ ነው። እንደማንኛውም ሰዓት ትቆጥራለች፣ ጌሙን ስታስነሱት ደሞ ፓክማን ትሆናለች፣ ላይ ታች ግራ ቀኝ የሚያስኬዱ አራት ትንንሽ ቁልፎች አሏት (ጆይስቲክ ያለው ዓይነትም ወጥቶ ነበር፣ የኛዋ ግን ባለ ቁልፏ ናት)። ድርጅቱ ፍሮገርና ኪውበርት የሚባሉትን ጌሞችም በሰዓት አውጥቷል፣ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1989 ደሞ ከጃፓኑ ጌም ሰሪ ከኔንቲዶ ፈቃድ ወስዶ ሱፐር ማሪዮንና ዜልዳን በእጅ ሰዓት ሰርቷል።

አሁን የሚገርመውን ነገር እዩልኝ። ዋናውን ፓክማን እ.ኤ.አ. በ1980 የሰራው ቶሩ ኢዋታኒ የሚባል ጃፓናዊ ነው፣ ናምኮ የሚባል ድርጅት ውስጥ፣ ሰው ሳንቲም እየከተተ የሚጫወትበት ትልቅ ማሽን ነበር። 240 ትንንሽና 4 ትልልቅ ነጥቦች አሉት፣ አራቱ መናፍስት ደሞ የየራሳቸው ጸባይ አላቸው፣ ቀዩ ከኋላ ከኋላ ያሳድዳችኋል፣ ሮዟ ግን ቀድማ መንገድ ልትዘጋባችሁ ትሞክራለች። ይሄን ሁሉ ቴምብር በሚያክል መስታወት ላይ በሰዓት ባትሪ አስገቡት ብትባሉ ምን ትቀንሳላችሁ? ሰዓቷ ገና ሳትከፈት ይሄን ጥያቄ ለልጆቹ ሰጥቼ በቡድን አወያየኋቸው። ከለር ይቅር አሉ፣ ነጥቡ ይቀነስ አሉ፣ አንደኛው ቡድን ድምጹ ይቅር ሲል ሌላኛው ድምጽ ከሌለውማ ምኑን ጌም ሆነ ብሎ ተጨቃጨቁ። መናፍስቱ ይቅሩ ያለ ግን አንድም የለም፣ "የሚያባርርህ ከሌለ ምን ያስሮጥሃል" አለ አንዱ፣ እኔም እንደዚህ ዓይነት መልስ ነበር የምጠብቀው።

ለመክፈት ራሳችን አልደፈርንም። ከትምህርት ቤታችን ወረድ ብሎ መንገድ ዳር የመስታወት ሳጥን ይዘው የሚቀመጡ ሰዓት ሰሪ አሉ፣ ብዙዎቻችሁ የሰዓት ባትሪ የምታስቀይሩት እሳቸውጋ ነው፣ እንዲያስተምሩን ስንጠይቃቸው እሺ ብለው ሳጥናቸውን ዘግተው ላብ (ላብራቶሪያችን) ድረስ መጡልን። ልጆቹ ጋሼ ጋሼ እያሉ ከበቧቸው። "ቀስ በሉ ልጆቼ፣ የቆየ ፕላስቲክ ነው፣ ከተሰበረ መለዋወጫ አታገኙለትም" አሉና ትንሿን ካቻቢቴ አውጥተው የጀርባ ክዳኑን እንዴት እንደሚያነሱት ሁለት ጊዜ አሳዩን፣ ሶስተኛውን ለልጁ ሰጡት፣ በራሱ እጅ ከፈታት። ጋሼን በክበቡ ስም ከልብ እናመሰግናለን።

ውስጧ ባትሪው ፈሶ አረንጓዴ ዝገት ሰርቶ ነበር። ጥጥ በአቼቶ እየነከሩ ቀስ ብለው ጠረጉት፣ ከዛ በአልኮል፣ ከዛ የብረቱን ጫፍ በላጲስ ፈተጉት፣ አዲስ ባትሪ ሲገባ ስክሪኗ በራች ግን ግማሹ መንገድ የለም! ሁሉም ተበላሸች ብሎ ደነገጠ። ችግሩ ዜብራው ላይ ነው። ከኤሌክትሮኒክስ ቦርዱ ወደ ስክሪኑ መስታወት የሚሄድ ሽቦ የለም እኮ፣ በመሀላቸው ያለችው ቀጭን የላስቲክ ዘንግ ናት፣ በማጉሊያ መነጽር ስታዩዋት ጥቁርና ነጭ መስመር ይፈራረቅባታል፣ ጥቁሩ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል ነጩ አያስተላልፍም፣ ለዚህ ነው በሙያው ዜብራ የሚሏት። አቧራ ከያዛት ወይ ትንሽ ከተንሸራተተች የተወሰነ ቅርጽ ይጠፋል። በወረንጦ አውጥተው በአልኮል ጠርገው መልሰው ሲያስቀምጧት የጠፋው መንገድ ሁሉ ተመልሶ መጣ፣ ላቡ ውስጥ የተሰማውን ጩኸት የጎረቤት ክፍል መምህራን ያስታውሱታል ብዬ አስባለሁ።

ከዛ አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ሰዓቷን መስኮት አጠገብ አዘንብላ ስታይ አንድ ነገር አገኘች። ስክሪኑን በጎን በኩል ካያችሁት ያልበሩት ቅርጾችም በደብዛዛው ይታያሉ፣ ፓክማን በሚደርስበት ቦታ ሁሉ፣ መናፍስቱም እንደዛው፣ ነጥቦቹም። ሁሉም ፋብሪካ ውስጥ አንዴ መስታወቱ ላይ ተሰርተው ያለቁ ናቸው። "ቲቸር ታዲያ ምንም የሚንቀሳቀስ ነገር የለማ!" አለች። አዎ የለም። አንዱ ይጠፋል ቀጥሎ ያለው ይበራል፣ ዓይናችን ነው ሄደ የሚለው። የስልካችን ስክሪን ማንኛውንም ስዕል መሳል ይችላል፣ የዚች ግን ከተሰራላት ውጪ ሌላ ምንም ማሳየት አትችልም፣ ስለዚህ የሰራት ሰው እያንዳንዱን ቅርጽ የት ላድርገው ብሎ ቀድሞ ማሰብ ነበረበት። እኔ ይቺን ሰዓት የወደድኳት ለዚህ ነው። ስልክ ከፍተን ብናይ ውስጡ ያለውን ቺፕ ገብቶን አንጨርሰውም፣ ይቺን ግን ከባትሪዋ እስከ መስታወቷ አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ ሊረዳት ይችላል፣ አንድን ማሽን ሙሉ በሙሉ የተረዳ ልጅ ደሞ ሌላውንም አይፈራም።

ስክሪኗ የምትሰራበትን የፈሳሽ ክሪስታል ነገር ለመረዳት የሰዓቷን መስታወት አልነካንም፣ ያረጀ ካልኩሌተር ነው የሰዋነው። ፊት ለፊቱ ላይ የተለጠፈውን ፖላራይዘር ፊልም (ብርሃንን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ነው) ስትልጡት ካልኩሌተሩ እየሰራ ቁጥሩ ግን አይታይም፣ ስክሪኑ ባዶ ይሆናል። ፊልሙን 90 ዲግሪ አዙራችሁ ስትመልሱት ደሞ ጀርባው ጥቁር ቁጥሩ ነጭ ይሆናል። ምክንያቱ በሁለቱ ብርጭቆዎች መሀል ያለው ፈሳሽ የሚያልፍበትን ብርሃን ይጠመዝዘዋል፣ ኤሌክትሪክ ሲነካው መጠምዘዙን ያቆማል፣ ፊልሙ ደሞ ያልተጠመዘዘውን ያግደዋል፣ ጥቁር ሆኖ የምናየው ያ የታገደው ብርሃን ነው። አንዱ ልጅ ፊልሙን መነጽሩ ላይ ለጥፎ ማንም የማያየውን ቁጥር ለብቻው እያነበበ ሲያስደምማቸው ዋለ። ዘዴው እጅግ ትንሽ ኤሌክትሪክ ነው የሚበላው። ከሱ በፊት እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው ፐልሳር የሚባለው የመጀመሪያው ዲጂታል የእጅ ሰዓት በኤልኢዲ መብራት ስለሚሰራ ባትሪ እንዳይጨርስ ሰዓቱን ለማየት ቁልፍ መጫን ነበረባችሁ፣ ዋጋው ደሞ 2,100 ዶላር ነበር። እንደሱ ሆኖ ቢቀጥል እጅ ላይ ጌም መጫወት አይታሰብም ነበር።

ሰዓቷን የሚያስቆጥረውን ክሪስታል፣ ኳርትዙንም አይተናል፣ በሰከንድ 32,768 ጊዜ ነው የሚንቀጠቀጠው። ለምን ያ ቁጥር? በሁለት እያካፈላችሁ ውረዱ አልኳቸው፣ ጥቁር ሰሌዳው ላይ 16,384፣ 8,192 እያሉ ወረዱ፣ 15ኛው ላይ አንድ ደረሱ፣ ያቺ አንድ ናት ሰከንድ። ሰዓቱን ሲሞሉ ደሞ በኛ አቆጣጠር ይሁን በፈረንጅ የሚል ክርክር ተነሳ፣ በኛ ተባለ። ቀን የሚያሳይ ዲጂታል ሰዓት ያላችሁ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ 1፡00 ኤኤም ብላችሁ ሙሉትና እዩት፣ ኤኤሙ ቀን ፒኤሙ ማታ ይሆንላችኋል፣ ቀኑም የሚቀየረው ሊነጋጋ ሲል 12 ሰዓት ላይ ነው። እኔ እንደዚህ ነው የምሞላው።

ወደ ጌሙ ልመለስ። በእጅ የሚያዝ ትንሽ ጌም እንዲስፋፋ ያደረገው ጉንፔ ዮኮይ የሚባል የኔንቲዶ ኢንጂነር ነው፣ ባቡር ውስጥ አንድ ሰራተኛ ካልኩሌተር እየነካካ ጊዜ ሲያሳልፍ አይቶ ሀሳቡ እንደመጣለት ይነገራል። ካልኩሌተር ሰሪዎቹ በዋጋ እየተሻሙ ስለነበር ስክሪኑም ቺፑም ረክሶ ነበር፣ እሱ ደሞ እምነቱ አዲስና ውድ ነገር ከመፈለግ የረከሰውንና የተለመደውን በአዲስ መንገድ መጠቀም የሚል ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 በዚሁ መንገድ የጀመራቸው ትንንሽ ጌሞች እስከ 1991 ድረስ እየወጡ ከ43 ሚሊዮን በላይ ተሸጠዋል። ይሄን ለልጆቹ ስነግራቸው የኛ ላብ ውስጥ ያለው ዕቃም እኮ የረከሰ ነው አሉኝ፣ እውነታቸውን ነው።

በዛው በ1980 ካሲዮ ደሞ ከዚህም የቀለለ ነገር ሰራ፣ መጀመሪያ ኤምጂ-880 በሚባለው ካልኩሌተር፣ ከዛ ሲኤ-90 በሚባለው የእጅ ሰዓት ላይ። ስዕል የለውም፣ ቁጥር ብቻ ነው። ቁጥሮች ከቀኝ እየተሰለፉ ይመጡባችኋል፣ እናንተ ግራ ላይ ያለውን ቁጥር በአንድ ቁልፍ እየቀያየራችሁ ከሚመጣው ጋር ስታመሳስሉት በሌላ ቁልፍ ትተኩሳላችሁ፣ የተመሳሰለው ይጠፋል። የመታችኋቸው ቁጥሮች ድምር የ10 ብዜት ከሆነ የተለየ ነጥብ ያላት እንግዳ መርከብ ትመጣለች፣ ማለትም እየተኮሳችሁ በጭንቅላታችሁ እየደመራችሁ ነው። በቃ እኛም ይሄን እንስራ ተባለ።

ከመርካቶ ባለ አራት አሃዝ ሰቨን ሴግመንት (እያንዳንዱ ቁጥር በሰባት መስመር የሚሰራበት ማሳያ) ገዛን፣ አርዱይኖ (ፕሮግራም የሚጫንበት ትንሽ ቦርድ) ላብ ውስጥ ነበረን። የመጀመሪያው ጥያቄ ሰባት መስመርና ነጥቧ አራት ቦታ ሲባዛ 32 ነው፣ እግሩ ግን 12 ብቻ ነው፣ እንዴት ይሆናል የሚል ነበር። መልሱን ያገኙት ፕሮግራሙን ሆን ብለው ሲያዘገዩት ነው፣ አራቱ ቁጥሮች አንድ ላይ በርተው አያውቁም፣ በየተራ ነው የሚበሩት፣ ሲፈጥን ነው አንድ ላይ የበሩ የሚመስለን። ሁለተኛው ነገር ከዚህም ይብሳል። ጌሙ ካለቀ በኋላ አንዲት ልጅ ሁሉንም ማሸነፍ ጀመረች፣ ማንም አይደርስባትም፣ ጣቷ ቁጥሩ ሳይመጣ ነው የሚቀድመው። ለካ መሳሪያው በተነሳ ቁጥር ያው ቁጥሮች በዛው ቅደም ተከተል ነው የሚመጡት፣ እሷም በቃሏ ይዛቸዋለች! ማሽን በራሱ ዕጣ ማውጣት እንደማይችል ከዚህ የተሻለ ማስረዳት አልችልም። መፍትሄውንም ራሷ ናት ያመጣችው፣ መሳሪያው ከተከፈተ እስከ መጀመሪያው የቁልፍ መጫን ድረስ ያለፈውን ማይክሮ ሰከንድ ለዕጣው መነሻ አደረገችው፣ የሰው ጣት ሁለቴ በእኩል ጊዜ ተጭኖ አያውቅምና ከዛ በኋላ ቁጥሩ ተደበላለቀ። አሁንም እሷው ናት የምታሸንፈው ግን በትክክል ነው።

ሰኔ ላይ በትምህርት ቤቱ ኤግዚቢሽን ሰዓቷንና የሰራነውን ጌም ጎን ለጎን አቀረብን። ሚኒ ሚዲያዎች ጠዋት ሰልፍ ላይ ስላስተዋወቁልን ወረፋው እስከ ደረጃው ደርሶ ነበር። መሀል ላይ መብራት ሄደ፣ የኛ ጌም በፓወር ባንክ ስለሚሰራ አልቆመም። ከወላጆች አንድ አባት ሰዓቷን ሲያዩ ቆም ብለው ልጅ ሆነው ባህር ማዶ የሄደ ዘመዳቸው እጅ ላይ እንዲህ ያለ አይቻለሁ አሉና የልጃቸውን ተራ ወስደው ተጫወቱ፣ ልጃቸው ከኋላቸው ቆማ "አባዬ በግራ! በግራ!" ትል ነበር።

ለ2018 ያሰብነው የራሳችንን መስታወት የመሰለ ነገር መስራት ነው፣ ቅርጾቹን ጥቁር ካርቶን ላይ ቆርጠን ከእያንዳንዱ ኋላ አንድ አንድ ኤልኢዲ አስቀምጠን፣ ማለትም ሁሉም ስዕል ቀድሞ የተሰራበት ጌም። ሀሳቡ ላይ ገና እየተከራከሩ ነው፣ ገሚሱ ገበጣ ይሁን ይላል ገሚሱ የሚባረር ነገር ካልኖረበት አይሆንም ይላል። 24 ቅርጽ ድረስ ባለን ዕቃ እንችላለን ብዬ አስልቻለሁ። ለመግባት ኤሌክትሮኒክስ ማወቅ አያስፈልግም፣ ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ ማንም ይመዘገባል። ቤታችሁ የሞተ ካልኩሌተር፣ የቆመ ዲጂታል ሰዓት፣ የተበላሸ ሪሞት ካለ አትጣሉት፣ ላብ በር አጠገብ ያለው ካርቶን ውስጥ አስቀምጡልን፣ ባትሪውን ግን አውጥታችሁ።