ከባክቴሪያ ከረጢት የተሠራ ክትባት እኮ ዛሬም አለ

ለአዘጋጁ፣

ባክቴሪያዎች ስለሚለቋቸው ጥቃቅን ከረጢቶች በጤና ዓምዳችሁ የወጣውን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። ቅር ያለኝ ሁሉንም ነገር ለወደፊት ማሳደራችሁ ነው። ካንሰር ያክማሉ፣ መድኃኒት ያደርሳሉ አላችሁ። እስካሁን የሠሩትን ግን ዘለላችሁት።

ከረጢቶቹ ከባክቴሪያው የውጭ ሽፋን ላይ አብጠው የሚገነጠሉ ናቸው። ስፋታቸው በአብዛኛው ከ20 እስከ 250 ናኖሜትር ነው። ራሳቸውን አያባዙም፤ በሽታውን ራሱን ማስያዝ አይችሉም። ላያቸው ላይ ግን ባክቴሪያው የሚለይባቸው ፕሮቲኖች አሉ። ሰውነታችን እነሱን ሲያገኝ ጠላት የገባ ይመስለውና መከላከያውን ያሰናዳል።

ይህ ለ«ቢ» ዓይነት የማጅራት ገትር ባክቴሪያ ትልቅ መላ ሆኗል። ለሌሎቹ ዋና ዋና ዓይነቶች ክትባቱ የሚሠራው ባክቴሪያው ከለበሰው ስኳር ነው። የ«ቢ» ስኳር ግን በራሳችን የነርቭ ሴሎች ላይ ካለው ጋር ስለሚመሳሰል ሰውነት ብዙም አይቆጣውም። ስለዚህ ኩባ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.)፣ ኒውዚላንድ ደግሞ ከ2004 ጀምሮ ከከረጢቶቹ የተሠራ ክትባት ለሕዝብ ሰጡ። የኒውዚላንዱ ከረጢት ዛሬ ቤክስሴሮ በሚባለው ክትባት ውስጥ ከሌሎች ፕሮቲኖች ጋር አለ።

ከዚያ ማንም ያላሰበው መጣ። በ2017 (እ.ኤ.አ.) የወጣ ጥናት የኒውዚላንዱን ክትባት የወሰዱ ወጣቶች በጨብጥ የመያዝ ዕድላቸው በ31 በመቶ ገደማ ቀንሶ እንደተገኘ አሳየ። ሁለቱ ባክቴሪያዎች የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው። 31 በመቶ ምን ይሠራል የሚል አይጠፋም። ጨብጥ ግን የራሱ ክትባት የለውም፤ አንቲባዮቲኮችንም አንድ በአንድ እየተላመዳቸው ነው። እንግሊዝ በ2025 (እ.ኤ.አ.) ቤክስሴሮን ለጨብጥ ይበልጥ ለተጋለጡ ሰዎች መስጠት የጀመረችው ለዚህ ነው።

የካንሰሩ ተስፋ በአብዛኛው አይጦች ላይ የታየ ነው። እዚያ ላይ ትኩሳት የሚያስነሳው የባክቴሪያ መርዝ ከከረጢቱ ሽፋን ጋር አብሮ ይመጣል። ክትባት አምራቾች በማጠቢያ ኬሚካል ይቀንሱታል፤ ያም ሆኖ ቤክስሴሮ የተወጉ ሕፃናት ያተኩሳቸዋል፣ ፓራሲታሞል ይሰጣቸዋል። ክንድ ወይም ጭን ላይ ጥቂት ጊዜ መወጋትና ለታመመ ሰው በደም ሥር ደጋግሞ መስጠት ደግሞ ለየቅል ነው። በሚቀጥለው ጽሑፋችሁ የትኛው በሰው፣ የትኛው በአይጥ ላይ እንደተሞከረ ለይታችሁ ጻፉልን።

አንድ አንባቢያችሁ