የሥነ ጽሑፍ ክበብ ዘገባ፦ ከመጀመሪያው ምዕራፍ በፊት

የሥነ ጽሑፍ ክበብ ዘንድሮ አንድ ጉዳይ ብቻ ይዞ ቆየ፤ ረጅም ልቦለድ እንዴት ይጀመራል? በቀደሙት ዓመታት አባላት የጀመሯቸው ደብተሮች ሲገለጡ አብዛኞቹ ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ቆመዋል። ያቆማቸው ስንፍና አይደለም። ብዕር ከመነሣቱ በፊት መሠራት የነበረበት ሥራ ስላልተሠራ ነው።

ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት ማንም ምዕራፍ እንዳይጽፍ ተወሰነ። እያንዳንዱ አባል 20 የታሪክ ጥንስስ በደብተሩ እንዲያሰፍር ተጠየቀ። መጀመሪያ የመጣው ግን ጥንስስ ሳይሆን ጭብጥ ነበር፦ «ስለ ቅናት»፣ «ስለ ስደት»፣ «ስለ እናት ፍቅር»። ጭብጥ ብቻውን ታሪክ አይወልድም። በሁለተኛው ዙር አራት ጥያቄዎች ቀረቡ፤ ማን ነው? ምን ይፈልጋል? ምን ከለከለው? ካልተሳካለትስ ምን ያጣል? «ስለ ቅናት» የሚለው በዚህ ተፈትኖ እንዲህ ሆነ፦ ታናሽ እህቷ የትምህርት ዕድል ማግኘቷን የሚያበሥረውን ደብዳቤ የደበቀች ልጅ፣ የምዝገባው ቀን ሳይታወቅባት እንዲያልፍ ትፈልጋለች፤ እህቷ ግን በየቀኑ ፖስታ ቤት ትመላለሳለች። ብዙ ጥንስስ የወደቀው አራተኛው ጥያቄ ላይ ነው። ባለታሪኩ የሚያጣው ነገር ከሌለ አንባቢም የሚጨነቅለት ምክንያት የለውም።

ቀጥሎ የመጣው ሥራ ለረጅም ልቦለድ የሚበቃውን ጥንስስ ለአጭር ልቦለድ ከሚበቃው መለየት ነበር። አባላት 30 ትናንሽ ካርዶች ወስደው በእያንዳንዱ ላይ አንድ ትዕይንት በሁለት መስመር ጻፉ። ካርዶቹ ጠረጴዛ ላይ ተደርድረው በየሁለቱ መካከል ምን ቃል እንደሚገባ ተጠየቀ። «ከዚያ» ብቻ የሚገባ ከሆነ ሰንሰለቱ ላልቷል፤ ሁለተኛው ትዕይንት ቢወጣም የሚጎድል ነገር የለም። «በዚህ የተነሣ» ወይም «ነገር ግን» የሚገባ ከሆነ ሴራው፣ ማለትም የድርጊቶቹ የምክንያትና ውጤት ትስስር፣ ይሠራል። ደብዳቤዋን የደበቀችው ልጅ ስትዋሽ፣ ውሸቱን ለመሸፈን ሌላ ሰው መጨመር ግድ ይሆንባታል፤ ያ ሰው ደግሞ የራሱ ፍላጎት አለው። እንዲህ ችግር ችግርን የሚወልድበት ጥንስስ ረጅም መንገድ ይሄዳል። ከ12 ካርድ በላይ መሄድ ያልቻለው ለአጭር ልቦለድ ተቀመጠ፤ ይህም ኪሳራ አይደለም።

ብዙ ጊዜ የወሰደው የተራኪ ምርጫ ነው፤ መውሰድም ነበረበት። አንዱን ትዕይንት፣ 300 ቃል ያህል፣ ሁለት ጊዜ መጻፍ ግዴታ ነበር፤ አንዴ በአንደኛ መደብ («እኔ» እያሉ)፣ አንዴ በሦስተኛ («እሷ» እያሉ)። ታላቂቱ ራሷ ብትተርክ አንባቢ የራሷን ማመካኛ ይሰማል። ታናሺቱ ብትተርክ ግን ስለ ደብዳቤው ስለማታውቅ መጽሐፉ የፍለጋ ታሪክ ይሆናል። ጥንስሱ ያው ነው፤ ልቦለዶቹ ግን ሁለት ናቸው። ሩሲያዊው ደራሲ ዶስቶየቭስኪም «ወንጀልና ቅጣት» የተባለውን ልቦለዱን በአንደኛ መደብ እንደ ኑዛዜ አድርጎ ከጀመረ በኋላ ያንን ትቶ በሦስተኛ መደብ እንደ አዲስ ጽፎታል። በአንደኛ መደብ የተደጋገመው ስሕተት ተራኪው ሊያውቅ የማይችለውን ማወቁ ነው፤ በር ተዘግቶ የተባለውን ቃል በቃል ይነግረናል።

ታሪኩ ከየት ይነሣ የሚለውም አከራክሯል። ሌላው ሩሲያዊ ደራሲ ቶልስቶይ «ጦርነትና ሰላም» የተባለውን ልቦለዱን ሲያስብ መነሻው እ.ኤ.አ. በ1856 ከግዞት የሚመለስ ሰው ነበር፤ ያንን ሰው ለመረዳት ወደ 1825፣ ከዚያ ወደ 1812፣ በመጨረሻም ወደ 1805 አፈገፈገ። በክበባችን የታየው ችግር ግን ያለ ምክንያት ማፈግፈግ ነው፦ ጎሕ ሲቀድ፣ ባለታሪኩ ከእንቅልፉ ሲነቃ፣ አያቱ እንዴት እንደተወለዱ። ፍቱን የሆነው መድኃኒት የመጀመሪያዎቹን ሁለት ገጾች አንሥቶ ቀሪውን ለሌላ አባል ማስነበብ ነው። አንባቢው ያልገባው ነገር ካለ እሱ ብቻ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ በሚያስፈልግበት ቦታ ይመለሳል። የእህትማማቾቹ ታሪክ በልደት ሳይሆን ደብዳቤው ኪስ በገባበት ቅጽበት ጀመረ።

የዕድሜና የቀን ሰንጠረዥም አንድ ገጽ ተመደበለት። ያለ እሱ በአንደኛው ምዕራፍ 16 ዓመት የሆናት ልጅ በአምስተኛው 15 ሆና ትገኛለች።

መጻፍ የተጀመረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በቀን 300 ቃል የሚጽፍ ሰው 60,000 ቃል ለመድረስ 200 ቀን ያስፈልገዋል። የአማርኛ ግሥ ባለቤቱንም ተሳቢውንም አዝሎ ስለሚሄድ ግን ከእንግሊዝኛ የተወሰደ የቃላት ልክ ለእኛ ይበዛል፤ በገጽ መቁጠሩ ይሻላል። ያን ጊዜም የታየው ትልቁ እንቅፋት አንደኛውን ምዕራፍ ደጋግሞ ማሳመር ነው። ስለዚህ ወደ ኋላ ማንበብ የሚፈቀደው አንድ ገጽ ብቻ ሆነ፤ የሚታረመው በኅዳግ ላይ ይመዘገባል፣ ጽሑፉ ግን ይቀጥላል። የዕለቱ ሥራም የሚቆመው ቀጥሎ የሚመጣው ነገር እየታወቀ፣ በትዕይንቱ መሐል ነው።

ዓመቱ ሲዘጋ ከአባላቱ ግማሽ ያህሉ ሦስተኛውን ምዕራፍ አልፈዋል። የቀሩት ካርዶቻቸውን እንደገና እየደረደሩ ናቸው፤ ለአብዛኞቹ የጎደለው ባለታሪኩ ራሱ የሚወስነው ውሳኔ ነው፤ ሁሉም ነገር በአጋጣሚ ይደርስበታል። በመጪው ዓመት ክበቡን የሚቀላቀሉ ተማሪዎች ለመጀመሪያው ስብሰባ አራቱን ጥያቄዎች የመለሱ 5 ጥንስሶች ይዘው ይምጡ።