ሥርዓት የሚነድፍ ተመራማሪ በጽሑፍ ብዛት ብቻ አይመረቅ

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በየሳምንቱ ይጻፋል። ከሥሩ ሆነው ብዙ መረጃ የሚሸከሙትን ሶፍትዌሮች፣ ማለትም ሥርዓቶችን፣ ስለሚነድፉ ተመራማሪዎች ሥልጠና ግን የሚያነሣ የለም። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነው።

በብዙ የዶክትሬት ፕሮግራሞች ተማሪው የተጣራ የመረጃ ስብስብ ወስዶ አዲስ ስልት ይሞክራል፤ ውጤቱ ከቀድሞው ጥቂት ከተሻለ ያሳትማል። የሚፈለገው የጽሑፍ ቁጥር ሲሞላ ይመረቃል። የጻፈውን ፕሮግራም ከዚያ በኋላ የሚያስነሣው ሰው አይገኝም። ለአልጎሪዝም (ለስሌት ስልት) ጥናት ይህ ይበቃ ይሆናል። ለሥርዓት ንድፍ አይበቃም።

ፈተናው የሚመጣው መረጃው መፍሰስ ሲጀምር ነውና። አንድ ማሽን የክፍያ መዝገብ ለሌላው ይልካል እንበል፤ የመድረሱ ማረጋገጫ ሳይመለስ መስመሩ ይቋረጣል። ላኪው ደግሞ ከላከ ክፍያው ሁለት ጊዜ ሊመዘገብ ይችላል፤ ዝም ካለ ደግሞ ጨርሶ ሊጠፋ ይችላል። ለእያንዳንዱ ክፍያ መለያ ቁጥር ሰጥቶ ተቀባዩ የተደገመውን እንዲለይ ማድረግ የታወቀ መላ ነው። ቁጥሮቹ የት ይቀመጡ? እስከ መቼ? የያዛቸው ማሽን ራሱ ቢወድቅስ? ንድፍ የሚጀምረው ከእነዚህ ጥያቄዎች ነው፤ መልሳቸውም የወደቀ ሥርዓት በገዛ እጅ ሳያነሡ በሚገባ አይታወቅም።

ቸልታው ዋጋ ያስከፍላል። እ.ኤ.አ. በ2020 በእንግሊዝ 15,841 በኮቪድ-19 የተያዙ ሰዎች ከዕለታዊ ሪፖርት ውጭ ቀርተው ነበር። የላቦራቶሪ ውጤቶች የሚገለበጡበት አሮጌው የኤክሴል ፋይል ከ65,536 ረድፍ በላይ ስለማይይዝ ትርፉ ሳይገባ ቀረ። ከታማሚዎቹ ጋር ንክኪ የነበራቸውን ሰዎች ማፈላለጉም ዘገየ። እዚህ ላይ የጎደለው የረቀቀ ስልት አልነበረም፤ የተላከው ሁሉ መድረሱን የሚቆጥር ንድፍ ነበር።

ሥርዓት መሥራት ምህንድስና እንጂ ምርምር አይደለም የሚሉ ምሁራን አሉ። አልስማማም። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ኤድጋር ኮድ እ.ኤ.አ. በ1970 መረጃን በሠንጠረዥ ዝምድና ስለማደራጀት ሐሳቡን አሳተመ፤ ሐሳቡ በተግባር በበቂ ፍጥነት እንደሚሠራ ያሳዩት ግን ሲስተም አር የተባለውን የመረጃ ቋት ሥርዓት በአይቢኤም ኩባንያ፣ ኢንግረስ የተባለውን ደግሞ በአሜሪካው የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የገነቡ ሰዎች ናቸው። በዚያው ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2009 የተጀመረው፣ ግዙፍ መረጃን በብዙ ማሽኖች ላይ የሚያሰላው ስፓርክ የተባለ ሶፍትዌርም የዶክትሬት ተማሪ የነበረው የማቴይ ዛሃሪያ ሥራ ነው። ግንባታው ባይኖር ኖሮ እውቀቱም ባልተገኘ ነበር።

ስለዚህ ተማሪው ቢያንስ አንድ ዓመት መረጃው በየዕለቱ ከሚፈስበት ሆስፒታል፣ ባንክ ወይም የአየር ትንበያ ተቋም ውስጥ ይሥራ። ከዩኒቨርሲቲው አማካሪ ሌላ ሥርዓቱን በየዕለቱ የሚጠብቅ ባለሙያ ያማክረው። የመረጠውን ንድፍ ብቻ ሳይሆን የተወውንና የተወበትን ምክንያት ጭምር ይጻፍ። የግለሰብ መረጃ ይሰረዝልኝ የሚል ጥያቄ ሲመጣ ከየቅጂው እንዴት እንደሚወጣም ያሳይ። በመመረቂያው ቀን ገምጋሚዎቹ አንዱን ማሽን በፊቱ ያጥፉበት፤ የትኛው መረጃ እንደተረፈ፣ የትኛው እንደጠፋ ያስረዳ።

ይህ ጊዜ ይወስዳል፤ የሚታተሙ ጽሑፎችንም ይቀንሳል። ለዚህ ተማሪው ሊቀጣ አይገባም። ሌሎች የሚጠቀሙበት፣ ከነሰነዱ ለሕዝብ የተከፈተ ሥርዓት በመመረቂያ መስፈርቱ ከታተመ ጽሑፍ እኩል ይቆጠርለት። መመሪያውን የሚያረቁት የዩኒቨርሲቲ ሴኔቶች ናቸው፤ ጥያቄዬም ለእነርሱ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ