ሳኔቲ ላይ ቀስ በሉ

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

በጥቅምት ወር ሴት ልጄና ባሏ «ድንኳን ይዘን ባሌ እንሂድ» ብለው ጎትተው ወሰዱኝ። እኔ ሠላሳ ዓመት በከባድ መኪና ጋቢና ውስጥ የኖርኩ ጡረተኛ ሹፌር ነኝ። መንገድ ዳር ማደር ለእኔ ሥራ እንጂ ሽርሽር ስላልነበረ፣ ሰው ገንዘብ ከፍሎ ብርድ ላይ ለመተኛት የሚሄድበት ምክንያት አልገባኝም ነበር። ለማንኛውም ሄድኩ።

በአሰላ፣ በበቆጂና በዶዶላ አድርገን ሲመሽ ዲንሾ ገባን፤ ድንኳናችንንም ጥድ ሥር ተከልን። ጠዋት የድንኳኑ ጨርቅ በውርጭ ደርቆ እንደ ቆርቆሮ ይንኳኳ ነበር። ዚፑን ስከፍት ሁለት የደጋ አጋዘኖች እዚያው ፊቴ ሣር ይግጣሉ። ቀና ብለው አዩኝና ወደ ሣራቸው ተመለሱ። በዚያ በኩል ስመላለስ ኖሬ አንድም ቀን ቆሜ አላየኋቸውም።

በሮቤና በጎባ አልፈን ወደ ሳኔቲ ሜዳ ወጣን። ከጎባ በላይ አስታው እያጠረ ሄዶ ያልቅና ሜዳው ይዘረጋል፤ ወደ 4,000 ሜትር ከፍታ፣ ድንጋይና ጅብራ ብቻ። መኪናው ጉልበት ያጣል፣ ሰውም እንዲሁ። ለምሳ መንገድ ዳር ቆመን ቡታጋዝ ለኮስን። ምስሩ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈልቶም ጥርስ ላይ እንደ ጠጠር ነበር። የልጄ ባል «አባባ፣ እዚህ ውሃው 87 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ ቢንተከተክም ትኩሳቱ አይበቃውም» አለኝ። ስንቱን ዓመት ወጥ ቤቶችን ስወቅስ ኖሬአለሁ!

ምስሩን ስንጠብቅ ቀይ ቀበሮ አየን። ከፍልፈል ጉድጓድ ፊት ለፊት አንገቱን ዘርግቶ፣ አንድ የፊት እግሩን አንጠልጥሎ ደርቆ ቆሟል። ጆሮው ብቻ ይንቀሳቀሳል። በዚህ መሐል አንዲት የቤት መኪና መጥታ ቆመችና ከመስኮት ዳቦ ተወረወረ። ቀበሮው አደኑን ትቶ ወደ መንገዱ መጣ። ሰዎቹ ፎቶግራፍ አንሥተው ሄዱ። እሱ መንገድ መሐል ፍርፋሪ ሲለቅም ከደሎ መና በኩል የጭነት መኪና እየበረረ ብቅ አለ። ክላክስ ነፋ እንጂ ፍሬን አልያዘም። ቀበሮው ለጥቂት አመለጠ። ልጄ ጮኸች፤ እኔ ግን ሹፌሩን ለመራገም አፌ አልከፈት አለ።

በ1980ዎቹ መጨረሻ እኔም ከደሎ መና ቡና ጭኜ በፊያት ኤን ሦስት በዚያው ሜዳ ላይ ስበር አንድ ሌሊት እንስሳ ገጭቻለሁ። ረዳቴ «ቀበሮ ነው፣ ንዳው» አለኝ፤ ነዳሁት። የሃረናን ደን ዳገት በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተ የወጣ ሹፌር ሜዳውን ሲያገኝ እግሩ ነዳጅ ላይ እንዴት እንደሚከብድ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ይህ እንስሳ በዓለም ላይ 500 እንደማይሞላ፣ ከዚያም ከግማሽ በላዩ ባሌ ተራሮች ላይ እንደሚኖር የሰማሁት ግን ገና በዚህ ጉዞ፣ ከባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ስካውት አፍ ነው።

ፓርኩ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ስለተመዘገበ እንደ እኛ ድንኳን ጭኖ የሚመጣው ይበዛል። ስለዚህ የሙያ ጓደኞቼን እለምናለሁ፤ ሜዳውን በአርባ ብትነዱት የምታጡት ጊዜ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። በሌሊት ደግሞ ከዚያም ዝቅ በሉ። ለሽርሽር የምትሄዱም ዳቦውን ራሳችሁ ብሉት፤ ቀበሮው ፍልፈል አለው። የሚመለከተው አካልም ሜዳው ላይ ፍጥነት የሚገድቡ ጉብታዎችን ቢያሠራ ሹፌር ሆኜ አልቃወምም፣ ምንም እንኳ በሥራ ዘመኔ ጉብታ የሚያሠራውን ሁሉ ስረግም የኖርኩ ብሆንም።

ከአፋፉ ወደ ሃረና ስንወርድ የልጄ ባል ፍሬኑን ሲረግጥ ሽታው ጋቢና ገባ። አስቁሜ ሁለተኛ ማርሽ አስገባሁትና በሞተሩ እየያዘ ወረደ። ቀርከሃውን አልፈን፣ ሽበት የመሰለ ነገር በተንጠለጠለባቸው ዛፎች መሐል ካቻ ደርሰን ድንኳን ተከልን። ያን ምስር እንደገና ጣድነው፤ ብዙም ሳይቆይ ቀለጠ።

አንድ ጡረተኛ ሹፌር
ከአዲስ አበባ