ስልክ በእግር አይረገጥም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ፖድካስት፣ ያ ከኢንተርኔት ወርዶ የሚደመጠው ፕሮግራም፣ በአገራችን እየበዛ ስለመምጣቱ ያወጣችሁት ጽሑፍ ደርሶኛል። አነበብኩት እንዳልል ያነበቡልኝ ጋሼ ናቸው። ጡረተኛ ደንበኛዬ ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣሉ። የሚጠገን ልብስ ባይኖራቸውም ይመጣሉ። በርጩማ ላይ ቁጭ ብለው ጋዜጣቸውን ጮክ ብለው ያነባሉ፣ እኔ እሰፋለሁ። ጽሑፉ ጥሩ ነው። የከነከነኝ ፎቶው ነው። ሶፋ፣ የአበባ ማስቀመጫ፣ የሚያብረቀርቅ መብራት። ፖድካስት ማለት ይሄ ሆነ?

ልብስ ሰፊ ነኝ። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ምድር ላይ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ነሐሴ ሲገባ የተማሪ ዩኒፎርም ይጎርፋል፤ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ቀና ማለት የለም። እጄም ዓይኔም ሥራ ላይ ነው። ሥራ ፈት የሆነው ጆሮዬ ብቻ ነው።

ስለ ድሮ የአዲስ አበባ ሰፈሮች የሚያወራ አንድ ፖድካስት ነበር፣ ነፍሴ ነው። አምና ወደ ቪዲዮ ዞረ። አንድ ቀን ስፒል በከንፈሬ ይዤ የሚዜ ቀሚስ ወገብ ስሰበስብ አዘጋጁ «እስኪ ይሄን ፎቶ እዩት!» አለ። እንግዳው ሳቀ። እሱም ሳቀ። «ጥግ ላይ ያለችውን አያችኋት አይደል?» ማናት? ምን ሆነች? ስፒሉን ከአፌ አውጥቼ ስልኩን እስካነሳ ፎቶው አልፏል። ወደ ኋላ መልሼ ባየው ሴትዮዋ የጤፍ ፍሬ አክላለች። ሙሽራይቱ ቀሚሱን ልትወስድ በር ላይ ቆማለች።

ደግሞ የዩቲዩብ መተግበሪያ ካልተከፈለበት፣ ስክሪኑ ሲጠፋ ድምፁም ጭጭ ይላል። ስልኩ እንደበራ መዋል አለበት። መብራት ሲሄድ እኔ በእግር ማሽኗ ሥራዬን እቀጥላለሁ፤ ስልክ ግን በእግር አይረገጥም።

ለኢንተርኔት ስለሚወጣው ብር ልንገራችሁ። ንግግር ብቻ የሆነ ድምፅ በሰከንድ በ64 ኪሎቢት ቢቀዳ ጥርት ብሎ ይሰማል። አንዱ ሰዓት 29 ሜጋባይት ገደማ ነው። ቪዲዮው በመካከለኛ ጥራት እንኳ በመቶዎች ሜጋባይት ይበላል። ለምን ብዬ? የሁለት ሰው ጉልበትና አንድ ማይክ ለማየት?

ነገሩ ሲጀመር እንዲህ አልነበረም። «ፖድካስት» የሚለው ስም የእንግሊዙ ጋርዲያን ጋዜጣ ላይ የታየው የካቲት 1996 ዓ.ም. ነው፤ አይፖድ ከሚባለው የሙዚቃ ማጫወቻና ከ«ብሮድካስት» (ስርጭት) ተቀጣጥሎ የተሰፋ ስም ነው። አይፖድ ኪስ ውስጥ ተከቶ ይሰማል እንጂ ማን ያየዋል? አሠራሩም ቀላል ነው። አዘጋጁ የድምፅ ፋይሉን አንድ ቦታ ያስቀምጣል፣ አርኤስኤስ የሚባለው ዝርዝር ላይ ያሰፍረዋል። የትኛውም መተግበሪያ ዝርዝሩን አይቶ ያወርዳል። ባለቤት የለውም። ይህን ያወቅኩት ጉግል በ2016 ዓ.ም. የማዳምጥበትን መተግበሪያ፣ ጉግል ፖድካስትስን፣ ሲዘጋው ነው። ደንግጬ ነበር። የእህቴ ልጅ ዝርዝሬን በአንድ ፋይል አውጥታ አንቴናፖድ የሚባል ሌላ መተግበሪያ ላይ ጫነችልኝ። ሁሉም እንዳለ መጣ። የቀሩት ዩቲዩብ ላይ ብቻ ያሉት ናቸው፣ የምወደው የሰፈሮቹ ፖድካስት ጭምር።

ልጆቹን አልወቅስም። እንጀራ ነው። ዩቲዩብ ራሱ የካቲት 2017 ዓ.ም. በወር ከ1 ቢሊዮን በላይ ሰው ፖድካስት ይከታተልብኛል ብሏል፤ ገበያው እዚያ ከሆነ ማን ይቀራል? ቪዲዮውን ይሥሩ። ግን ድምፁን ለብቻው አውጥቶ አርኤስኤስ ላይ መጫን፣ ካልሆነም ቴሌግራም ላይ መልቀቅ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ፎቶ ሲያሳዩም «ባርኔጣ ያደረገች ሴት በቅሎ ላይ ተቀምጣለች» ቢሉን ምን ይጎድልባቸዋል? ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርክ እናቴ ሽሮዋ እስኪያርርባት ቆማ ትሰማው ነበር። ፊቱን ያየችው ከስንት ዓመት በኋላ ነው፣ «እንዲህ ቀጭን ነው እንዴ?» አለች።

እናንተም ብትሆኑ። ከየእትሙ ሁለት ሦስት ጽሑፍ በድምፅ ብታነቡልን ምን አለበት? ስቱዲዮ አያስፈልግም። ስልክና ጸጥ ያለ ክፍል ይበቃል። የሌሊት ጥቅል ገዝቼ አውርጄ አድራለሁ።

የምቸኩለው ያለ ምክንያት አይደለም። ጋሼ በሚቀጥለው ሳምንት የዓይን ሞራቸውን ሊገፈፉ ነው። ሐኪሙ ለጊዜው ማንበብ ከልክሏቸዋል። በርጩማዋ ላይ ግን እመጣለሁ ብለዋል፣ እንግዲህ ሁለታችንም ሰሚ ልንሆን ነው።

ልብስ ሰፊዋ፣ ከቱሉ ዲምቱ