ስለ አስፕሪኑ ላነሳኸው ጥያቄ

ይድረስ ለምወድህ ወንድም ዓለም፤

ከረጅም ዝምታ በኋላ፣ ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? እኔ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እዚህ ሐዋሳ ደህና ነኝ። የቀረውን ስንገናኝ እናወራዋለን፤ ዛሬ ብዕር ያነሳሁት፣ ስኳሬን እንዲያወርድልኝ ከምወስደው የስኳር መድኃኒት ከሜትፎርሚኑ ጋር አስፕሪን ልጨምር ወይ ብለህ በታላቅ ወንድሜ በኩል ላስጠየቅኸኝ ጥያቄ መልስ ለመስጠት ነው።

ጥያቄህን በዋዛ አላየሁትም። ጀርመናዊው ሐኪም ኤብሽታይን፣ የአስፕሪን ዘመድ የሆነውን ሶዲየም ሳሊሲሌት የወሰዱ የስኳር ሕሙማን በሽንታቸው የሚወጣው ስኳር እንደሚቀንስ እ.ኤ.አ. በ1876 ጽፎ ነበር፤ ምክንያቱ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ሳይታወቅ ቆየ።

ነገሩ የሚጀምረው በሕዋሶቻችን ውስጥ ካለው አይኬኬ-ቤታ ከሚባል ፕሮቲን ነው። ሥራው ታስሮ የተቀመጠውን ኤንኤፍ-ካፓ-ቢ የተባለ ሌላ ፕሮቲን መፍታት ሲሆን፣ የተፈታውም ወደ ሕዋሱ እምብርት (ኒውክለስ) ገብቶ ብግነት፣ ማለትም የሰውነት መቆጣት፣ የሚቀሰቅሱ ጂኖችን ያስነሳል፤ ከእነዚህም እንደ ቲኤንኤፍ-አልፋ ያሉ መልእክተኞች ተመርተው የጎረቤት ሕዋሶችን አይኬኬ-ቤታ መልሰው ያነቃሉ። አንድ ቤት እሪ ሲባል የመንደሩ ሰው እየተጠራራ እንደሚወጣ ማለት ነው። ተሐዋስያን ሲገቡ ይህ ነፍስ ያድናል። የሆድ ስብ ሲበዛ ግን ማክሮፌጅ የተባሉት የመከላከያ ሕዋሶች በስቡ ውስጥ ይሰበሰቡና፣ ትኩሳትም ሕመምም የሌለው ብግነት ለዓመታት ይቀጥላል፤ አደገኛነቱም ባለቤቱ ስለማያውቀው ነው።

ይህ ብግነት ከስኳር ጋር የሚገናኘው እንዲህ ነው፦ ስኳር ከደም ወደ ሕዋስ እንዲገባ የሚያዘው ሆርሞን፣ ኢንሱሊን፣ በሕዋሱ ሽፋን ላይ ካለው ተቀባዩ ጋር ሲገናኝ፣ ተቀባዩ አይአርኤስ-1 በሚባል ፕሮቲን ላይ፣ ታይሮሲን በተባሉት ቦታዎች፣ ፎስፌት የተባለ ትንሽ ኬሚካላዊ ምልክት ይለጥፋል፤ ትእዛዙም ከፕሮቲን ወደ ፕሮቲን እየተላለፈ ሄዶ የጡንቻው ሕዋስ ግሉት-4 የተባለውን ስኳር አስገቢ ወደ ሽፋኑ እንዲያወጣ ያደርገዋል። አይኬኬ-ቤታና ጄኤንኬ የተባለ ሌላ ፕሮቲን በብግነት ሲነቁ ግን፣ በዚያው አይአርኤስ-1 ላይ ሴሪን በተባሉት ቦታዎች ፎስፌት እንዲለጠፍ ያደርጋሉ፤ ያን ጊዜ ትእዛዙ መንገድ ላይ ይዳከማል። ኢንሱሊን በደምህ ሞልቶ ሳለ ስኳርህ የማይወርደው ከዚህ የተነሳ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ ጥናት፣ ከሁለቱ የአይኬኬ-ቤታ ጂኖቻቸው አንዱ የጠፋባቸው አይጦች ቢወፍሩም ለኢንሱሊን የተሻለ ታዛዥ ሆነው መገኘታቸውን፣ ከፍተኛ መጠን ያለው ሳሊሲሌትም ይህንኑ ፕሮቲን እንደሚገታ አሳየ። እኔን ያስደነቀኝ ግን ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ1999 የታየው ነው፦ ሁለቱም ጂኖች የጠፉባቸው አይጦች ጉበታቸው ተጎድቶ ከመወለዳቸው በፊት ሞቱ። እንግዲህ ፕሮቲኑ ጠላት ነውና ይጥፋ ለማለት የሚደፍር ማን ነው?

ለሰው ሲመጣ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ዘጠኝ ሕሙማን በቀን 7 ግራም ያህል አስፕሪን ለሁለት ሳምንት ወስደው፣ በጾም የሚለካው ስኳራቸው በሩብ ያህል ቀነሰ። ይህ ባለ 500 ሚሊግራሙን እንክብል በቀን አሥራ አራት መዋጥ ነው! ለልብ የሚታዘዘው ትንሹ አስፕሪን ይህን አይሠራም፤ ትልቁ መጠን ደግሞ ጨጓራ ያደማል፣ ጆሮ ያስጮሃል። ጨጓራን ብዙ የማይጎዳው ሌላው የአስፕሪን ዘመድ ሳልሳሌት እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣ የ48 ሳምንት ሙከራ የሦስት ወሩን አማካይ የስኳር ልኬት በ0.37 የመቶኛ ነጥብ ብቻ ሲያወርድ፣ ክብደትንና መጥፎውን ኮሌስትሮል ጥቂት ጨምሯል። ለዚህ ትርፍ ያን ሁሉ መሸከም አይታየኝም።

ስለዚህ አስፕሪኑን በራስህ ፈቃድ አትጀምር፤ ሐኪምህ ለልብህ አዝዞልህ ከሆነ ግን አታቋርጥ። ሜትፎርሚኑንም በሰዓቱ ውሰድ። ብግነቱን ከምንጩ የሚቀንሰው የሆድ ስብ መቀነስ ስለሆነ፣ በየማታው ብትራመድ ደስ ይለኛል፤ የአዳማ ሙቀት ላለመራመድ ሰበብ እንደሚሆንህ አውቃለሁ፣ ግን ማታ ይቀዘቅዛል። የቅርቡን የሦስት ወር ልኬትህን ጻፍልኝ።

ወዳጅህ፣ ከሐዋሳ