የአይሲቲ ክበብ፦ ደወሉ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ጮኸ

በ2017 ክበባችን የያዘው አንድ ሥራ ብቻ ነበር፤ የትምህርት ቤቱን ደወል በኮምፒውተር ማስደወል። መስከረም ላይ "በሁለት ሳምንት እንጨርሳለን" ያልኩት እኔ ነኝ። አሁን ሰኔ ነው። ደወሉ ደህና ነው፤ የሁለቱን ሳምንት ነገር ግን ባታነሡብኝ።

ጉዱ የጀመረው ገና በመጀመሪያው ሌሊት ነው። ልጆቹ የሰልፍ ሰዓት ብለው 2፡15 ጻፉ። እኛ ጠዋት ማለታችን ነው፤ ማሽኑ ግን የሚቆጥረው ከእኩለ ሌሊት ስለሆነ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ15 ላይ አስጮኸው። ጥበቃው ሌባ ገባ ብለው ዱላቸውን ይዘው ግቢውን ሲዞሩ አደሩ። ጠዋት ይቅርታ ልንጠይቅ ስንሄድ "ለመሆኑ በዚያ ሰዓት የሚማረው ማን ነው?" አሉን።

መፍትሔው ለሁሉም ቀላል መሰላቸው፤ 6 መደመር። ሰልፍ 2፡15 ነበር፣ 8፡15 ሆነ። የምሳው 6 ሰዓት 12 ሆነ፣ መውጫው 9፡30 ደግሞ 15፡30። ልክ መጣ፣ ተጨበጨበ። ከዚያ ለማታ ተማሪዎች 1፡30 ተብሎ ተሞላ። ማታ ጸጥ አለ፤ በማግስቱ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ባዶ ግቢ ውስጥ ጮኸ። ለካ ለምሽት የሚደመረው 18 ነው፤ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ጀምሮ ደግሞ ከድምሩ 24 ቀንሰህ ቀኑንም ወደ ነገ ታሻግራለህ።

እዚህ ላይ አንዲት የ10ኛ ክፍል ልጅ "ነገ የሚባለው የቱ ነው?" አለች። እኛ እኮ ሌሊቱን "ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ" ነው የምንለው። ኮምፒውተር አጥቢያ አያውቅም፤ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከሆነ በቃ ረቡዕ ነው። ሳምንት ሙሉ ተከራከርንበት፣ ኮድ የጻፈ ሰው አልነበረም፣ እኔ ግን ከዓመቱ ሁሉ የምወደው ያንን ሳምንት ነው።

በመጨረሻ መደመር መቀነሱን ከሆዱ አወጣንለት። አሁን ማሽኑ የሚይዘው አንድ ረጅም ቁጥር ብቻ ነው፤ ከታኅሣሥ 23 ቀን 1962፣ በፈረንጆች ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ ያለፈውን ሰከንድ። ቆጠራው የሚነሳው ከግሪንዊች እኩለ ሌሊት፣ በእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ጠዋት፣ ማታ፣ ጳጉሜ የሚባለው ሁሉ ለሰው ዓይን ሲወጣ ብቻ ይሰላል። ጳጉሜ ስል ትዝ አለኝ፤ የአባላት መመዝገቢያው ላይ 12 ወር ብቻ ደርድረን ጳጉሜ 3 የተወለደው ልጅ መግባት አቃተው። ቅጹን የሠራው ደግሞ ራሱ ነው።

ቁጥሩም ቢሆን ጣጣ አላጣውም። የአርፋጅ መዝገቡን ፓይተን በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ ጻፍን፣ ማሳያ ገጹን ደግሞ በሌላ ቋንቋ፣ በጃቫስክሪፕት። የፓይተኑ ቁጥር በሰከንድ ነው፣ ጃቫስክሪፕት ደግሞ ሚሊሰከንድ ይጠብቃል። 1,000 ማባዛት ረሳን፤ ያረፈደ ሁሉ ጥር 13 ቀን 1962 አረፈደ ተብሎ ወጣ። አንዱ አርፋጅ "ያኔ እኮ አባቴም አልተወለደም" ብሎ ከቅጣት ለማምለጥ ሞከረ።

አንድ ነገር ቀርቶናል። ደወሉን የሚያስኬደው አሮጌ ማሽን ሰከንዱን የሚይዘው በ32 ቢት ነው፤ ከ2,147,483,647 በላይ አይችልም። ልጆቹ መቼ እንደሚሞላ አሰሉት፦ ጥር 11 ቀን 2030፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ። ጥምቀት! ሕዝቡ ጠበል ሊረጭ ሲጋፋ የኛ ማሽን ቁጥሩ ሞልቶ ከዜሮ በታች ስለሚገለበጥ በቀጣዩ ሰከንድ ታኅሣሥ 4 ቀን 1894 ገባሁ ይላል፣ አፄ ምኒልክ ዘመን። ይቀየርልን ብለን ደብዳቤ አስገብተናል። ከአስተዳደሩ ያገኘነው መልስ "ገና ከ12 ዓመት በላይ አለው እኮ" የሚል ነው።